በቃሬዛ የመጣው ቴሌቪዥን

ደባርቅ አጠገብ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለምወድሽ ባንቻየሁ፣

እንዴት ከርመሻል? ይሁዳስ? ልጅሽ ሺርሊስ አማርኛዋ ከ"ሰላም ነው" አለፈ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ሁላችንም ስል እናትሽንም ጨምሬ ነው። ይህችን ቃል ደግመሽ አንብቢያት፤ እናትሽ ደኅና ናት። ይህን ስጽፍ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ እየለቀመች "ለማን ነው የምትጽፈው?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ለግብር ሰብሳቢው ነው ብያታለሁ።

በወረቀት የመጣሁብሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ያን ዕለት "አያ ያርጋል፣ በእናቴ ሞት ቀለድክ? እንድመጣልህ ብለህ እናቴን ገደልካት?" ብለሽ ከዘጋሽብኝ ወዲህ የሚመልስልኝ ባልሽ ይሁዳ ብቻ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ። "ጋሼ፣ ትኬቱን አልመለሰችውም፤ ቀኑን ነው ያስተላለፈችው። ትምጣ ትቅር ገና አልቆረጠችም። የእርስዎን ስም ግን ለጊዜው እዚህ ቤት ማንሳት አይቻልም" አለኝ። ስለዚህ ስሜን ሳታነሺ ደብዳቤዬን ብቻ አንብቢው። የሚያደርስልሽ የይሁዳ አጎት አይቸው ነው፤ ጎንደር ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ነገ ወደ እናንተ አገር ይመለሳል። መንገዱ አንዴ እየተዘጋ አንዴ እየተከፈተ ስለሆነ፣ ክፍት ሳለ ይድረስለት ብዬ ቸኩያለሁ።

ቀልደኛ መሆኔን አልክድም። በሰርግሽ ቀን የሚዜዎቹን ጫማ ቆጥ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጭላዳ የሚሰማው በአማርኛ ሰላም ሲሉት ብቻ ነው ብዬ፣ አንዱን የፈረንጅ ሽማግሌ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ላይ ለዝንጀሮ እጅ ሲነሳ ያዋልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ግን እኔ አልሠራሁትም። ባንቻየሁ፣ ይህን ለመሥራት ከእኔ የበለጠ ሰይጣን ያስፈልጋል። 

ነገሩን የጀመረው ያንቺ ቴሌቪዥን ነው።

ገንዘቡን ስትልኪ "ትልቅ ይሁን፣ ጥራት ይኑረው፣ እናቴ ዓይኗን ሳታጨናብስ የምታየው ይሁን" ብለሽ አዘዝሽ። የላክሽው ግን ወይ ለትልቅነት ወይ ለጥራት ይበቃል እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። አልከፋኝም፤ ከምን ላይ ቆርሰሽ እንደምትልኪ አውቃለሁ። እኔም እንደምታውቂኝ ትምህርት ቤት ያየሁት ስንቅ ሳደርስ ነው፤ ፊደል የለየሁት ከባትሪ ድንጋይ ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልማረው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ሰነበትኩ። ቡይት ራስ ሎጁ ውስጥ የሚሠራውን ጠየቅሁ፣ ኳስ የሚያሳየውን ባለቡና ቤት ጠየቅሁ። የገባኝን ልንገርሽ። ምስሉ የተሠራው ከነጥብ ነው። ነጥቡ እንደ ጤፍ ከደቀቀ ምስሉ ይጠራል፤ እንደ ባቄላ ከተለቀ ይሻክራል። በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ጥቂት ነጥብ ማለት በሰፊ አውድማ ላይ አንድ ቁና ባቄላ መበተን ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሞላ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ባዶ ነው።

ጥቅምት 16 ጠዋት እናትሽን ይዤ ደባርቅ ወረድኩ። መጀመሪያ ሆስፒታል ወስጄ የደም ግፊቷን አስለካሁ። "ደኅና ነው፣ ጨው ቀንሺ" አሏት። ከሰፈር ስንወጣ ጉልበቷን አሟት ትከሻዬን ተደግፋ ነበርና፣ ሰው ሁሉ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቆ "ሆስፒታል" የሚለውን ሰምቷል። ይህን ያዢልኝ።

ከዚያ ደርቤ ሱቅ ገባን። ሦስት ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ትልቁ የበር ያህል ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈበት ማዕረግ የለም። ደርቤ ፍላሽ ሰካና ጭላዳ አሳየን፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ጭላዳ።

"እዩት ጋሼ፣ ሊነክስዎት እኮ ነው" ይላል።

እናትሽ፣ "ይህንንማ ቡይት ራስ ወጥቼ በነጻ አየዋለሁ፤ ያውም ከነጠረኑ" አለች።

"ደርቤ፣ ይህ የሰርግ ልብሱ ነው፤ የዘወትሩን አሳየኝ" አልኩት። "ከዲሽ ላይ ዜና ክፈትልኝ። ሦስቱም ላይ።"

ከፈተ። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ ነበር ማየት የፈለግሁት። ትልቁ ላይ ፊደሉ ዳር ዳሩን ጉንዳን የበላው ይመስላል። መካከለኛው ላይ ግን በመቃ ብዕር የተጻፈ ዳዊት ነው፤ ቁልጭ ያለ። ደርቤ ደንገጥ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?" አለ። ሁሉን አልነገርኩትም። ዲሹንና ስታቢላይዘሩንም ማሰብ ነበረብኝ። የእኛ ሰፈር መብራት እንደ ፍየል ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም ዘሎ ነው። ያለ ስታቢላይዘር አንድ ሳምንት አይቆይም። በትልቁ ዋጋ መካከለኛው ከነዲሹና ከነስታቢላይዘሩ ይገኛል። ይኸው ነው ሒሳቡ። ግን ለመቁረጥ ብዙ ቆየሁ። ደግሜ ራቅ ብዬ አየሁ፣ ደግሜ ቀረብ ብዬ አየሁ፣ አንዴም ካልጋዋ ሆና እንደምታየው ወለሉ ላይ ጋደም አልኩ።

እናትሽ ሰለቻት። "ቴሌቪዥን እንደምትመርጥ ሚስት መርጠህ ቢሆን ዛሬ ሲበላህ ጀርባህን የሚያክልህ ሰው ነበረህ" አለችኝ በደርቤ ፊት። "እኔ ቀድሜህ ቤት እሄዳለሁ። ፀሐዩ ከብዶኛል፣ ጋቢዬን ያዝልኝ።" ጋቢዋን ወርውራልኝ ሄደች። ስልኳን እንደ ልማዷ ቤት ሙዳይ ውስጥ ቆልፋበት ነው የመጣችው።

መካከለኛውን ገዝቼ ስመለስ ባጃጁ ክረምቱ የበላው ድልድይ ድረስ ብቻ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። በበቅሎ ልጭነው ብል ደርቤ "ከተንገጫገጨ መስታወቱ ይሄዳል" ብሎ አስምሎኛል። ቆሜ ስቸገር አራት ጎረምሶች ባዶ ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ከእኛ ማዶ ያሉ ናቸው፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ሆስፒታል አድርሰው ሲመለሱ ነው። ወንድ ልጅ ተገላግላለች አሉኝ። "እንግዲያው ያ ቃሬዛ የተባረከ ነው፤ መንገዳችሁ በደጃችን ነውና ይህቺን ዕቃ አድርሱልኝ፣ ጠላ አለ" አልኳቸው። በሽተኛ የማያንገላታ ቃሬዛ ቴሌቪዥን አያንገላታም ብዬ ነው። ጥሩ አሳብ መስሎኝ ነበር።

ካርቶኑን መሐል አጋደምነው። ስታቢላይዘሩን በራስጌ፣ የዲሹን ዕቃ በግርጌ አደረግን። አቧራ እንዳይገባ ባርኔጣዬን አውልቄ ስታቢላይዘሩ ላይ ደፋሁበት። አዲስ ዕቃ ገልጦ በሰው ፊት ማለፍ ደግሞ ዓይን ይጠራል፤ ስለዚህ ከላይ የእናትሽን ጋቢ፣ ያን ቀይ ጥለት ያለውን፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበስኩት። ልጆቹ ሌሊቱን ያደሩት በመንገድ ነውና አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለው ይሄዳሉ። እኔ ራሴን ገልጬ፣ እጄን ጋቢው ላይ አድርጌ፣ ከጎን ከጎን "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እላለሁ። ዓይኔ ከዕንቅፋቱ ላይ አልተነሳም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቁም ነገረኛ ሆኜ አላውቅም።

ዘቢደር ከጉብታው ላይ አየችን።

ዘቢደርን ታስታውሻታለሽ፤ ደሮዋ እናትሽ ጓሮ ገብታ ከጠፋች ወዲህ ከእናትሽ ጋር የማትነጋገረው ጎረቤታችን። ቃሬዛውን አየች። ጋቢውን አወቀችው። እኔን ባዶ ራሴን አየችኝ። ጮኸች። በእኛ አገር ደግሞ እንደምታውቂው ከጉብታ የጮኸን ሰው ምን ሆነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አልቅሶ መድረስ ነው፣ መጠየቅ ኋላ ነው፤ ሰዉ እያለቀሰ ወደ እናትሽ ደጅ ጎረፈ።

እኔ ልቅሶውን ስሰማ ከእናትሽ ደጅ መሆኑን ለየሁ። እናትሽ ቀድማኝ ቤት እንደገባች ነው የማውቀው። ደም ግፊት። ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ። እኔ ወለል ላይ ተጋድሜ ቴሌቪዥን ሳማርጥ እህቴ ብቻዋን ገብታ ሞተች። ባንቻየሁ፣ ሌላ ነገር በራሴ ውስጥ አልመጣም። ቃሬዛውን ትቼ ሮጥኩ።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወደ ቃሬዛው እየሮጠ ይመጣል። እኔ እያለቀስኩ ወደ ቤት፣ እነሱ እያለቀሱ ወደ ቴሌቪዥኑ። መንገድ ላይ ተላለፍን። ሽማግሌው አያ አለነ ክንዴን ያዙኝ።

"አይዞህ ያርጋል። እግዜር ያጥናህ።"

"መቼ ነው? መቼ ነው የሞተችው?" አልኳቸው።

"እኛማ ምን እናውቃለን ልጄ፣ አንተ ነህ እንጂ የምታውቀው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ከደባርቅ አሁን መድረሴ ነው።"

"እኮ፣ ከደባርቅ ነዋ" አሉና ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ያዙት፣ ናላው ዞሯል፣ ገደል እንዳይገባ" አሉ።

አመልጬ ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ። ምድጃው ቀዝቃዛ። መደቡ ስር፣ ጓዳው ውስጥ፣ በርሜሉ ጀርባ ሳይቀር አየሁ፤ ሰው እህቱን በርሜል ጀርባ ይፈልጋል? እኔ ፈለግሁ። ሬሳውን ወስደውታል ማለት ነው ብዬ ተመልሼ ወጣሁ።

ውጭ ዘቢደር ቃሬዛው ላይ ተደፍታለች። ጎረምሶቹ በድንጋጤ ተሸክመው እንደ ቆሙ ቀርተዋል፤ አንዱ ለመናገር አፉን ሲከፍት አንዲት ሴትዮ አንገቱን አቅፋ ታለቅስበታለች። የሞተን ሰው ፊት ሜዳ ላይ መግለጥ ነውር ነውና ጋቢውን የነካ የለም። ዘቢደር ስታቢላይዘሩን በሁለት እጇ አቅፋ የእናትሽን ስም እየጠራች እንዲህ ትላለች፦

አገርነሽ እህቴ፣ የደጄ ጥላ፣
ሳንታረቅ ሄድሽ፣ ምን ልሁን ኋላ።

ያን ጊዜ ከታች በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ፣ ሌላ ልቅሶ ተሰማ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች ዳገቱን ትወጣለች። "ያርጋልዬን፣ ወንድሜን፣ ያለ እናት ያሳደግሁትን፣ ትዳር ሳላይለት" ትላለች።

እናትሽ ናት።

ለካስ መንገድ ላይ የማኅበር እህቷ እሌኒ አግኝታት "ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ በእኔ ተራ ነው፣ ሳትቀምሽ አታልፊም" ብላ አስገብታታለች። ጠላዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ልቅሶ ከደጇ ሰማች። ደጇ ላይ ከእኔ ሌላ የሚለቀስለት ማን አለ? አልቅሳ ደረሰች።

ሰዉ ሲያያት ድምፁ አንድ በአንድ ጠፋ፣ መብራት ሲሄድ እንደሚሆነው። እኔ ቆሜ አያታለሁ፣ እሷ ቆማ ታየኛለች። ከሁለታችን የሞተው ማን እንደሆነ ለጊዜው ለሁለታችንም ግልጽ አልነበረም። በመጨረሻ ዘቢደር ከስታቢላይዘሩ ላይ ቀና ብላ፣

"አገርነሽ፣ አንቺ እኮ ነሽ የሞትሽው" አለቻት።

"እኔ? ማን አለ?"

 እናትሽ ቃሬዛውን አየች። "ታዲያ ጋቢዬን ለብሶ የተኛው ማን ነው?" አለች።

"ቴሌቪዥን ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አያ አለነ አማተቡ። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡና አንደኛው ጋቢውን ገለጠው። ባርኔጣዬ ወጣ፣ ከዚያ ካርቶኑ፣ ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተሣለችው ፈገግ ያለች ልጃገረድ። ዘቢደር እሷን አይታ ራሷን ሳተች። ውኃ ረጭተን ስናስነሳት እናትሽ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። "እስቲ ያልሽውን ድገሚው" አለቻት። "የደጄ ጥላ ያልሽውን።" ዘቢደር በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። የደሮዋ ነገር በዚያው ተፈጸመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታችን አልወጣችም፣ ሽምብራውንም አብረው ነው የሚለቅሙት።

ከዚያ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ይህ የያርጋል ሥራ ነው" አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው። ብምል ብገዘት የሚያምነኝ ጠፋ። እንባዬ ገና ፊቴ ላይ ሳይደርቅ "እንዴት አድርጎ ያለቅስበታል፣ ይህ ሰው" ይባባላሉ። እሱንም ቻልኩት። ያልቻልኩት አንዱዓለም፣ የአክስትሽ ልጅ፣ ስልኩን ይዞ ከጉብታው እየወረደ "ለባንቻየሁ ነግሬያታለሁ" ሲል ነው።

ሮጬ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ኔትወርኩ ሄዷል። ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ሽቅብ ይዤ፣ እንደ እብድ ዞርኩ። ሲመጣልኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ አንቺም ትኬት ገዝተሽ ጨርሰሻል። አንስተሽ ምንም ሳትይ መጀመሪያ ያወጣሽው ድምፅ አለ። የዚያን ድምፅ ነገር አልጽፍልሽም። "ሕያው ናት" ስልሽ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያልሽኝን አልሽኝ። ብፈርድብሽ ውሸት ነው፤ ከሰማሽው በኋላ እኔን ማን ያምናል?

አሁን የቀረውን ልንገርሽና ይብቃኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን ሰቀልኩት። እናትሽ "ልቅሶ የተለቀሰበት ዕቃ ነው፣ ጠበል ሳይነካው አይከፈትም" አለች። ካርቶኑን ብቻ አስረጨኋት፤ ኤሌክትሪክና ጠበል አንድ ላይ አይሄዱም ብዬ። ተከፈተ። መርጫለሁ ባንቻየሁ፣ አላፈርኩም። ስልኬን አገናኘሁና አንቺ የላክሽውን፣ ሺርሊ የምትጨፍርበትን ቪዲዮ ከፈትኩላት። ያን ቪዲዮ በስልክ ስንት ቀን አይታዋለች። ሺርሊን አይታ ትስቃለች ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ።

እሷ ግን ሺርሊን አላየችም። ከሺርሊ ኋላ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሳህን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ አለሽ። የሚቀርጽሽ እንዳለ አላወቅሽም። በስልክ ላይ አንቺ የአውራ ጣት ጥፍር ታህያለሽ፤ ሄደሽ የቀረሽው ልጅ ነሽ። እዚህ ላይ ግን ግድግዳውን ሞልተሻል። ከጆሮሽ በላይ ያለው ሽበት ይታያል። ዓይንሽ ስር ያለው ጥቁረት ይታያል። እጅሽ ተልጧል፤ የሳሙና ነው መሰለኝ። አንገትሽ ቀጥኗል።

እናትሽ ተነስታ ቀረበች። አቁመው አለችኝ፤ አቆምኩት። በጣቷ መስታወቱን ነካችው።

"ይህቺ ልጄ ናት?"

"ናታ።"

"ሸብታለች እኮ።"

  ተመልሳ ተቀመጠች። "መሞቴን ሲነግሯት ትኬት ገዛች ነው ያልከኝ?" አለች።

"በዚያው ሰዓት።"

"በዚያው ሰዓት" አለች እሷም። ጋቢዋን ሰበሰበች። "ታዲያ እስክትደርስ ድረስ ሕያው መሆኔን ሳትነግሯት ብትቆዩ ምን ነበረበት?"

እኔ ሳቅሁ። ዞሬ ሳያት አትስቅም።

የኪዳነ ምሕረት ቃል ኪዳን ከቤትሽ አይራቅ። ሺርሊ ትደግልሽ፣ ይሁዳ ይክበርልሽ፣ የእጅሽን ድካም የሚያይ አምላክ ዋጋሽን አይርሳ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ወዴትም ብትነሺ።

አጎትሽ
ያርጋል